«አሥራ ሁለት ዓመት ውጭ ምን ስትሠራ ነበር?» ስለ ቪሊ ብራንት የተደረገ ንግግር

ይህ በሐምቡርግ በኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። በዕለቱ መገኘት ያልቻሉ ወዳጆች ስለጠየቁኝ እንዳለ ጽፌዋለሁ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን በሰላም ተገናኘን። በዚህ ዝናብ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

አዘጋጆቹ ስለ ጀርመን ፖለቲካ እንዳወራ ነው የጋበዙኝ። ስለ ምርጫ ሥርዓቱ ወይም ስለ ዜግነት ሕጉ ማውራት እችል ነበር። እሱን ግን አንብባችሁም ትደርሱበታላችሁ። ዛሬ ስለ አንድ ሰው ላወራችሁ እፈልጋለሁ። ቪሊ ብራንት ይባላል። ወጣቶቹ ስሙን የምታውቁት ከበርሊን አውሮፕላን ማረፊያ ሊሆን ይችላል፤ ማረፊያው በስሙ ነው የሚጠራው። የምዕራብ በርሊን ከንቲባ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። መራኄ መንግሥት ነበር። የሶሻል ዴሞክራቶቹን ፓርቲ፣ ኤስፔዴን፣ 23 ዓመት በሊቀ መንበርነት መርቷል። በ1971 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብሏል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስደተኛ ነበር። እንደ እኔ። እንደ ብዙዎቻችሁ። እኔን ወደዚህ ሰው የሳበኝ ይሄ ነው፣ ዛሬም ላወራ የመጣሁት ስለዚህ ነው። ስደተኛ ነበርክ ብለው ሰደቡት። እኔ ደግሞ የሠራውን ትልቅ ሥራ ሊሠራ የቻለው ስደተኛ ስለነበር ነው እላለሁ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ እንዴት እንደተሰደደ። ሁለተኛ ሲመለስ አገሩ እንዴት እንደተቀበለው። ሦስተኛ ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሠራ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ብራንት የተወለደው በ1913 ሉቤክ ነው። ሉቤክ ከዚህ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሲወለድ የወጣለት ስም ሄርበርት ፍራም ነው። እናቱ ማርታ ፍራም የሱቅ ሠራተኛ ነበረች። ባል አልነበራትም። አባቱ እዚሁ ሐምቡርግ የሚኖር ሰው ነበር፤ ልጁ ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ስሙን እንኳ ያወቀው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ፣ ከጦርነቱ ማብቃት ወዲህ፣ እናቱን በደብዳቤ ጠይቆ ነው። ያሳደገው የእናቱ እንጀራ አባት ሉድቪግ ፍራም ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የኤስፔዴ ሰው ነበር።

ብራንት በትዝታው የጻፋት አንዲት ታሪክ አለች። ልጆች፣ እናንተም ስሙ። ሄርበርት ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ሠራተኛውና ፋብሪካው ተጋጭተው ሥራ ቆሟል። ደመወዝ የለም። ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። ልጁ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ ዳቦውን ያያል። አያቱ የሚሠራበት ፋብሪካ ኃላፊ በዚያ ሲያልፍ አየው። እርቦሃል ወይ አለው። አስገባውና ሁለት ዳቦ ገዛለት። ልጁ እየሮጠ ቤቱ ገባ። አያቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? መልስ! አለው። ሥራ ያቆመ ሠራተኛ ከአሠሪው ስጦታ አይቀበልም፤ እኛ የምንፈልገው መብታችንን ነው፣ ምጽዋት አይደለም። ልጁ ሁለቱን ዳቦ ታቅፎ ተመለሰ፣ ለባለ ዳቦ ቤቱ አስረከበ። የራበው ልጅ ነው እንግዲህ። ብራንት ይህን ታሪክ ሲጽፍ በኩራት ነው የሚጽፈው። እኔ ሳነበው አያቱ ጨካኝ መስሎኝ ነበር። ከሰውዬው ሕይወት ጋር አያይዤ ሳየው ግን የልጁ አከርካሪ የተሠራው ያን ዕለት እንደሆነ ገባኝ።

ጎበዝ ተማሪ ነበር። የሀብታም ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘ። ገና በ16 ዓመቱ ኤስፔዴ ገባ። ዩሊዩስ ሌበር የሚባል የሉቤክ ፖለቲከኛና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር፤ መጻፍ ያስተማረው እሱ ነው። ልጁ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ኤስፔዴ ናዚዎቹን በቅጡ አልታገለም ብሎ በ1931 ወጥቶ ትንሽ የግራ ፓርቲ ውስጥ ገባ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ያኔ ነው ለድብቅ ሥራ ቪሊ ብራንት የሚለውን ስም የያዘው። በኤፕሪል ወር፣ በሌሊት፣ ከትራቨሙንደ ወደብ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተደብቆ ወደ ዴንማርክ ተሻገረ። ከዚያም ኖርዌይ፣ ኦስሎ። 19 ዓመቱ ነበር። በኪሱ 100 ማርክ ነበረው።

እዚህ በመተማ አድርጋችሁ ገዳሪፍ የገባችሁ አላችሁ። በሞያሌ ኬንያ የገባችሁ አላችሁ። በ19 ዓመት፣ በሌሊት፣ ስምን ቀይሮ ድንበር መሻገር ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም።

ኦስሎ ላይ ተቀምጦ አላለቀሰም። ቋንቋውን በጥቂት ወራት ያዘ። በኖርዌይኛ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ጀመረ። በ1936 ደግሞ በሌላ ሰው ስም፣ ኖርዌጂያዊ ተማሪ ነኝ ብሎ፣ ሂትለር ያለበት በርሊን ገብቶ ለድብቁ ትግል ሠርቷል። ቢያዝ ያልቅለት ነበር። በ1938 ናዚዎቹ ዜግነቱን ገፈፉት። በ1940 የጀርመን ጦር ኖርዌይን ወረረ። ወዴት ይሂድ? የኖርዌይ ወታደር ልብስ ለበሰና ከወታደሮቹ ጋር ተማረከ። የገዛ አገሩ ወታደሮች ማን እንደሆነ ሳያውቁት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለቀቁት። ወደ ስዊድን አመለጠ። ኖርዌይ ዜግነት ሰጠችው። ሁለት ጊዜ ነው የተሰደደው ማለት ነው። አስተማሪው ሌበር ግን አገር ቤት ቀርቶ ታገለ። በጥር 1945 በርሊን ውስጥ ናዚዎች ገደሉት።

ሁለተኛው ነጥቤ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ታገሱኝ።

ጦርነቱ አለቀ። ብራንት የኖርዌይ ፓስፖርት አለው፣ ሥራ አለው፣ ጓደኛ አለው። ጀርመን ፍርስራሽ ናት። መጀመሪያ የመጣው በጋዜጠኝነት ነው፤ የናዚ መሪዎች የተዳኙበትን የኑረምበርግን ችሎት ለስካንዲኔቪያ ጋዜጦች ዘገበ። ቀጥሎ በ1947 በርሊን በሚገኘው የኖርዌይ ወታደራዊ ሚሲዮን የፕሬስ ኃላፊ ሆነ። የኖርዌይ መኮንን ልብስ ለብሶ ነው የመጣው። እንዲያው ያንን ኑሮ ይዞ ቢቀር ማን ይወቅሰው ነበር? እሱ ግን ትቶት በ1948 የጀርመን ዜግነቱን መልሶ ወሰደ። ለኤስፔዴ በርሊን ውስጥ መሥራት ጀመረ። በወቅቱ የበርሊን ትልቁ ሰው ኤርንስት ሮይተር ነበር። እሱም ስደተኛ ነው፤ የናዚን ዘመን ያሳለፈው አንካራ፣ ቱርክ ነው። ሁለቱ ስደተኞች ተግባቡ። በ1957 ብራንት የምዕራብ በርሊን ከንቲባ ሆነ።

አሁን ልብ በሉ። በ1961 ለመራኄ መንግሥትነት ሲወዳደር ነገሩ ተጀመረ። ፍራንስ ዮሴፍ ሽትራውስ የሚባል የባቫሪያ ትልቅ ፖለቲከኛ በአደባባይ ምን አለ? «ብራንትን አንድ ነገር መጠየቅ ይፈቀዳል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ውጭ ምን ስትሠራ ነበር? እኛ ውስጥ ሆነን ምን እንደሠራን እናውቃለን።» ውስጥ ሆነው የሠሩትንማ ዓለም ሁሉ ያውቃል። ግን ሰዉ አጨበጨበ። በዚያው ዓመት ኦገስት 13 የበርሊን ግንብ መታጠር ጀመረ። በማግስቱ፣ ልብ በሉ፣ በማግስቱ፣ መራኄ መንግሥቱ ኮንራድ አደናወር በምርጫ ስብሰባ ላይ ተቀናቃኙን «ብራንት፣ በሌላ ስሙ ፍራም» ብሎ ጠራው። ምን ለማለት ነው? ስሙን የቀየረ፣ አባቱ የማይታወቅ፣ ዲቃላ ለማለት ነው። ከተማው ለሁለት እየተሰነጠቀ፣ ከንቲባው ሕዝቡን ለማረጋጋት እየተሯሯጠ ነበር ይህ የተባለው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ላንሳ። ደርግ ከወደቀ በኋላ መጀመሪያ አገር ቤት የገባሁ ጊዜ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ግብዣ ተደረገልኝ። ዶሮው ቀርቧል፣ ጠላው ተቀድቷል፣ ሁሉም ይስቃል። አንድ የሥጋ ዘመዴ፣ በጣም የምወደው ሰው፣ ጉርሻ አጉርሶኝ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኛ እዚህ ልጅ ስንቀብር፣ እናንተ ውጭ ምን ትሠሩ ነበር?» አለኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ያን ጊዜ እዚህ ሐምቡርግ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። ሰልፍ እንወጣ ነበር። በረሃብ ጊዜ ብር እናሰባስብ ነበር። ይህን ሁሉ ልናገር አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ለምን? ምክንያቱም ጥያቄው ውስጥ እውነት አለ። እሱ ልጁን ቀብሯል። እኔ አልቀበርኩም። ሽትራውስ ለክፋት የጠየቀውን ጥያቄ ዘመዴ ከሐዘኑ ነው የጠየቀኝ። ከእናንተ መካከል ይህ ጥያቄ ያልደረሰበት ሰው አለ? እጃችሁን አታውጡ፤ አውቃለሁ።

ብራንት ምን አደረገ? ተጎድቷል፤ በጣም ተጎድቷል። ግን አልደበቀም። በ1966 በስደት ዘመኑ የጻፋቸውን ጽሑፎች ሰብስቦ አሳተመ። የመጽሐፉን ርእስ «ውጭ» አለው። ውጭ ምን ስትሠራ ነበር ላላችሁኝ፣ ይኸው፣ አንብቡት ማለቱ ነው። ይሄ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። ጽሑፎቹን ደብቆ አላቃጠለም፣ ስሙን ወደ ፍራም አልመለሰም፣ ኖርዌይን አልካደም።

በ1961 ተሸነፈ። በ1965ም ተሸነፈ። ከሁለተኛው ሽንፈት በኋላ ተስፋ ቆርጦ ዳግመኛ አልወዳደርም ብሎ ነበር። ከዓመት በኋላ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ሲጣመሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። መራኄ መንግሥቱ ኩርት ጌኦርግ ኪሲንገር ነበር፤ የቀድሞ የናዚ ፓርቲ አባል። የናዚ ፓርቲ አባል የነበረና ከናዚ የሸሸ ሰው በአንድ ካቢኔ። በ1969 ደግሞ ብራንት ራሱ መራኄ መንግሥት ሆነ። ከ1930 ወዲህ ከኤስፔዴ የመጀመሪያው ነው። ራሱን የተሸነፈች ሳይሆን ነጻ የወጣች ጀርመን መራኄ መንግሥት አድርጎ እንደሚያይ ተናገረ። በምክር ቤቱም የበለጠ ዴሞክራሲ እንድፈር ያለው ያኔ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው፣ ምን ሠራ?

ከከንቲባነቱ ዘመን አንድ ነገር ልጥቀስ። ግንቡ ከተሠራ በኋላ የምዕራብ በርሊን ሰው ምሥራቅ ያለ ዘመዱን ማየት አይችልም ነበር። እናት ከልጅ፣ ወንድም ከእህት። የብራንት ሰዎች ከምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ጋር መደራደር ጀመሩ። ብዙ ሰው ተናደደ። ከእነዚህ ጋር ምን ንግግር አለ ተባለ። በዲሴምበር 1963 ግን ስምምነት ተደረሰ፤ ለገናና ለአዲስ ዓመት የአንድ ቀን የይለፍ ወረቀት።

እኔ በምሠራበት መጦሪያ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የበርሊን ሴት። ያንን ገና አይረሱትም ነበር። ሻይ ሳቀርብላቸው ይነግሩኛል። ወረቀቱ የሚሰጠው በየትምህርት ቤቱ ነበር። ፎርሙን የሚቀበሉት ከምሥራቅ የመጡ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰልፉ መንገዱን ዞሮ ሄዷል። ከሰልፉ እንዳይወጡ ሰዎች እየተፈራረቁ ሾርባ ይጠጡ ነበር። ሴትየዋ አያታቸውን ሊያዩ ቡናና ብርቱካን ይዘው ሄዱ። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ መመለስ ግዴታ ነው። አያታቸው ብርቱካኑን አልላጡትም፣ ዝም ብለው ያሸቱት ነበር አሉኝ። በዚያ ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተደርጓል። የፖለቲካ ድርድር ማለት ምን ማለት ነው ብትሉኝ፣ እኔ እነዚያን አሮጊት ነው የማስታውሰው። ግንቡ አልፈረሰም። ግን አንዲት አያት የልጅ ልጇን አየች።

መራኄ መንግሥት ሲሆን ይህንኑ መንገድ አሰፋው። በማርች 1970 ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ኤርፉርት ሄዶ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቪሊ ሽቶፍን አገኘ። እስቲ አስቡት፤ የሁለቱ ጀርመን መሪዎች ሲገናኙ ያ የመጀመሪያው ነው። ሆቴሉ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። ሕዝቡ የፖሊሱን መስመር ጥሶ አደባባዩን ሞላና «ቪሊ ብራንት ወደ መስኮቱ!» እያለ መጮኽ ጀመረ። ሁለቱም ቪሊ ናቸው፤ የትኛውን እንደሚጠሩ እንዳይምታታ የአባት ስም ጨመሩበት። ብራንት መስኮቱ ላይ ቆመ። ሌላ ፖለቲከኛ ቢሆን እጁን አንስቶ ሕዝቡን ያስጨበጭብ ነበር። እሱ መዳፉን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ አድርጎ፣ ተረጋጉ አላቸው። በኋላ ለምን እንደሆነ ጽፏል። እኔ ነገ ዋና ከተማችን ቦን ነኝ፤ እነሱ ግን እዚሁ ናቸው። ይህን ማሰብ የሚችል ማነው? ውጭ ሆኖ አገር ቤት ያሉ ጓደኞቹ እየታሰሩ ያለፈ ሰው ነው። እኛ ከዚህ በስልክ ትኩስ ትኩስ ስንናገር እዚያ ያለው ሰው ምን እንደሚደርስበት ማሰብ አለብን፣ ወገኖቼ። ብራንት አስቧል።

ቀጥሎ በኦገስት ከሞስኮ ጋር ውል ተፈራረመ። በዲሴምበር 7 ዋርሶ ሄደ። ጠዋቱ ብርዳማና እርጥብ ነበር። ናዚዎች ጌቶ በሚባል የታጠረ ሠፈር አጉረው ለፈጇቸው አይሁዶች፣ በናዚዎቹ ላይ ለተነሡትም ጀግኖች፣ መታሰቢያ ሐውልት አለ። የአበባ ጉንጉኑ ተቀመጠ። ብራንት ጎንበስ ብሎ ሪባኑን አስተካከለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ በሁለት ጉልበቱ ወደቀ። እርጥብ ድንጋይ ላይ። እጆቹን አጣምሮ ዝም አለ። ጋዜጠኞቹ መጀመሪያ የታመመ መስሏቸው ነበር። አብረውት የሄዱት ሰዎችም አያውቁም ነበር። ሰዎች ቃል ሲያንሳቸው የሚያደርጉትን ነው ያደረግሁት ብሏል በኋላ።

አንድ የጀርመን ጋዜጠኛ ያኔ የጻፈውን ልንገራችሁ። መንበርከክ የሌለበት ሰው ተንበረከከ፣ መንበርከክ ላለባቸውና ለማይንበረከኩት ሁሉ ሲል ነው የጻፈው። አያችሁ? ያ የተንበረከከው ሰው በስደት ኖሯል። እጁ ላይ የማንም ደም የለም። «ውጭ ምን ስትሠራ ነበር» የተባለው ሰው፣ ውስጥ የነበሩት ስላደረጉት ይቅርታ ጠየቀ። እኔ በሕይወቴ ከዚህ የበለጠ መልስ አልሰማሁም።

ሁሉም ወደደው እንዳትሉ። በወቅቱ አንድ መጽሔት ያስጠየቀው የሕዝብ አስተያየት ላይ 48 ከመቶው አበዛው ብሏል፤ 41 ከመቶው ተገቢ ነው ብሏል። አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ግን ምክር ቤት ውስጥ አባላት ብራንት ከሚመራው ጥምር መንግሥት እየከዱ ነበር። በኤፕሪል 1972 ተቃዋሚው ራይነር ባርሰል ሊያወርደው ድምፅ አሰጠ። 249 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 247 አገኘ። በሁለት ድምፅ። ከዓመታት በኋላ የምሥራቅ ጀርመን ስለላ ድርጅት ብራንት እንዳይወርድ ድምፅ በገንዘብ መግዛቱ ታውቋል። በኖቬምበር ምርጫ ተደረገ። ዕድሜያቸው 18 የሞላ ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡበት የፌዴራል ምርጫ ነው። ከመቶ 91 ሰው ወጥቶ መረጠ። ኤስፔዴ 45.8 ከመቶ አገኘ። ያንን ያህል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አግኝቶ አያውቅም።

ብራንትን ስለምወደው ብቻ ስሕተቱን ዘልዬ አልሄድም። ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም እኛን ይነካል። በጃንዋሪ 1972 ከክፍለ ግዛት መሪዎቹ ጋር ሆኖ አክራሪ የተባለ ሰው የመንግሥት ሥራ እንዳይቀጠር የሚያደርግ ውሳኔ አወጣ። አስተማሪው፣ ባቡር ነጂው፣ ፖስተኛው ሁሉ አመለካከቱ ተመረመረ። ዴሞክራሲ እንድፈር ያለ ሰው ይህን ማድረጉ ያሳዝናል። በኋላ እሱም ስሕተት እንደነበር ተናግሯል። ሁለተኛው፣ በኖቬምበር 1973 መንግሥቱ የውጭ አገር ሠራተኛ ማስመጣት አቆመ። የነዳጅ ቀውስ ነበር፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን እነዚያ ቱርኮች፣ ጣሊያኖች፣ ዩጎዝላቮች በሥራቸው አገሩን ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። ስደተኛ የነበረ መራኄ መንግሥት ስለ እነሱ የበለጠ እንዲናገር እጠብቅ ነበር።

ያወረደው ግን ይህ አይደለም። በኤፕሪል 1974 ከቢሮው ረዳቶች አንዱ፣ ጉንተር ጊዮም፣ የምሥራቅ ጀርመን ሰላይ ሆኖ ተያዘ። የሚገርመው፣ የሚጠረጠር መሆኑ ለብራንት ከዓመት በፊት ተነግሮት ነበር፤ ክትትሉ እንዳይታወቅ ሰውዬውን ከአጠገቡ እንዳያርቅ ተመክሮ፣ ለእረፍት ኖርዌይ ሲሄድ ጊዮም አብሮት ነበር። በግንቡ ማዶ እጁን የዘረጋላቸው ሰዎች ቤቱ ውስጥ ሰላይ አስቀምጠውበታል። በሜይ መጀመሪያ ኃላፊነቱን ወስዶ ሥልጣን ለቀቀ። ሄልሙት ሽሚት ተተካ።

በ60 ዓመቱ ነው የወረደው። ቤቱ መግባት ይችል ነበር። አልገባም። የፓርቲው ሊቀ መንበር ሆኖ ቀጠለ፤ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ የሶሻሊስት ኢንተርናሽናል፣ ማለትም የሶሻል ዴሞክራትና የሶሻሊስት ፓርቲዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ፕሬዚዳንት ሆኖ ዓለምን ዞረ። የዓለም ባንኩ ሮበርት ማክናማራ በጠቆመው መሠረት ስለ ሀብታምና ድሃ አገሮች የሚያጠና ዓለም አቀፍ ኮሚሽን መራ። የስዊድኑ ኦሎፍ ፓልመ፣ የእንግሊዙ ኤድዋርድ ሂዝ፣ የታንዛንያው አሚር ጀማል አባላቱ ነበሩ። ሪፖርታቸው በ1980 ወጣ። ሀብታም አገሮች ከገቢያቸው 0.7 ከመቶውን ለልማት ይስጡ፣ የንግዱ ሕግ ይስተካከል አሉ። ዛሬም 0.7 የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ልጥራላችሁ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1973። በእኛ መስከረም 16 ቀን 1966፣ የደመራ ዕለት። ሁለቱ ጀርመኖች በዚያው ወር የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነዋል። ብራንት ኒው ዮርክ ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው ተናገረ። ስለ ጀርመን ብቻ ይናገራል ሲባል ስለ ረሃብ ተናገረ። ሰው በጦርነት ቢገደልና በሌሎች ግድየለሽነት በረሃብ ቢሞት በሥነ ምግባር ረገድ ልዩነት የለውም አለ። ንግግሩ ስለ ዓለም ሁሉ ነበር። ግን አስቡት፤ እሱ ይህን በሚናገርበት ሰዓት ወሎ ውስጥ ሕዝባችን በመንገድ ዳር እየረገፈ ነበር። የወሎ ልጆች እዚህ አላችሁ። የእኛ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ፣ ደመራው በወጉ ተለኩሶ ነበር። ይህን ቀን ሳገናኝ ለብዙ ጊዜ መተኛት አቅቶኝ ነበር።

በኖቬምበር 1989 ግንቡ ተከፈተ። በማግስቱ የ75 ዓመቱ ብራንት ከንቲባ በነበረበት በሾነበርግ ማዘጋጃ ቤት ፊት ቆሞ ተናገረ። በ1991 ምክር ቤቱ ዋና ከተማው ቦን ይሁን በርሊን ሲከራከር ለበርሊን ቆመ፤ በርሊን 338 ለ320 አሸነፈች። በኦክቶበር 1992 አረፈ። መቃብሩ በርሊን፣ ከስደተኛው ከሮይተር አጠገብ ነው።

ከመጨረስ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። የጀርመን ሕገ መንግሥት በ1949 ሲጻፍ «በፖለቲካ የሚሳደዱ የጥገኝነት መብት አላቸው» የሚል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ገባበት። ቅድመ ሁኔታ አልነበረውም። ለምን እንዲህ ተጻፈ? የናዚ ዘመን ስደተኞች በሌላው አገር በር ሲቆሙ ምን እንደደረሰባቸው ትዝታው ትኩስ ስለነበር ነው። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የመጣን ብዙዎቻችን በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው የገባነው። በሜይ 1993፣ ብራንት ካረፈ ዓመት ሳይሞላው፣ ተጠበበች። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የገዛ ፓርቲው አባላት ብዙዎቹ ደግፈው ድምፅ ሰጡ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። የኤስፔዴ ሰዎችን ሳገኝ ሁሌ እላቸዋለሁ።

ስለዚህ ዜግነት ያላችሁ፣ እባካችሁ ምረጡ። ለመምረጥ ብቻም አይደለም፤ የሠፈራችሁ የፓርቲ ስብሰባ በሩ ክፍት ነው። የፈለጋችሁት ፓርቲ ይሁን። ሄዳችሁ ከኋላ ተቀመጡ፣ ስሙ፣ በሦስተኛው ጊዜ እጃችሁን አውጡ። አነጋገራችሁ ቅላጼ ቢኖረው ቅላጼ ይኑረው። ከየት መጣህ ቢሏችሁ ተናገሩ። ወጣቶች፣ በተለይ እናንተ። ወላጆቻችሁ እንዴት እዚህ እንደደረሱ ጠይቁና ጻፉት፤ አንድ ቀን የሚጠይቃችሁ ይመጣል።

ሉቤክ ውስጥ ስለ ብራንት ሕይወት የሚያሳይ ሙዚየም አለ። በፀደይ ልጆቹን ይዘን በቡድን ብንሄድ ብዬ ለአዘጋጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። መምጣት የምትፈልጉ በሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ስማችሁንና የልጆቻችሁን ቁጥር ጻፉ። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ካለ ከእናቶች እንጀምር።